በወይዘሮ ታቢታ ዱካሞ ዕረፍትና ስለ ወረዳ አሠልጣኞቻቸው ከሐይቅ ዙሪያ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

የማኅበራችን የሥልጠና ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ታቢታ ዱካሞ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው አርፈዋል። የማኅበሩ ሥራ አመራር ቦርድ፣ ሠራተኞችና አባላት ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል።

መግለጫውን በቦርዱ ስም ያዘጋጁት ዋና ጸሐፊያችን አቶ ምንያህል ተክሌ ናቸው። ስለ ራሳቸው የጻፉት እንዳይሰረዝ ጠይቀው ቦርዱ ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማምቷል።

ወይዘሮ ታቢታ በሲዳማ ቦርቻ ተወልደው፣ በሐዋሳ ከተማ ለአሥራ አራት ዓመታት ባዮሎጂ አስተምረዋል። ማኅበራችንን የተቀላቀሉት በ2001 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ሥራችን የወረዳ መምህራንን ወደ ሐዋሳ ጠርቶ ለሦስት ቀን በአዳራሽ ማሠልጠን፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ሰጥቶ መሸኘት ነበር። እርሳቸው በመጀመሪያው ስብሰባቸው እንዲህ አሉ፦ «መምህሩ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል። ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር ግን ያለው ቀበሌው ውስጥ ነው። ለምን እኛ አንሄድም?» ሐሳቡ ቀላል ነበር። ከመካከላችን ቀድሞ ያሰበው ሰው አለመኖሩ ግን አበሳጨን።

በ2003 ዓ.ም. ከየወረዳው ሁለት መምህራንና አንድ የግብርና ባለሙያ እየመረጡ ማሠልጠን ጀመሩ። በመጀመሪያው ዙር ራሳቸው ያስተምራሉ። በሁለተኛው ዙር ሠልጣኞቹ ሲያስተምሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በሦስተኛው ዙር ጭራሽ አይሄዱም። ማኅበሩ ይህንን የሥራ ቸልተኝነት ብሎ በጽሑፍ ጠይቋቸው ነበር። «እኔ ካለሁ እኔን ያያሉ፤ ከሌለሁ ግን ልጆቹን ያያሉ» ብለው መለሱ።

ሥልጠናው የማኅበሩ ነበር፤ በባነሩም ላይ ስማችን በትልቁ ተጽፎ ይሰቀል ነበር። ወረዳዎቹ ግን «የታቢታ ሥልጠና» ይሉታል። ስልካችን ይጮኻል፤ «ታቢታ አለች?» ይሉናል። «የሉም፤ እኛ ልንረዳዎ እንችላለን» እንላለን። «አይ ግድ የለም፣ ስትመጣ እደውላለሁ።» ይህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይሆን ነበር። ቀናን። ለዚህ ሌላ የተሻለ ቃል ፈልገን አላገኘንም።

በ2006 ዓ.ም. የትምህርት ቤቶች የአካባቢ ጥበቃ መመሪያ ለመምረጥ በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ የግምገማ ጉባኤ ተጠራ። አቶ ምንያህል ሦስት ዓመት የደከሙበት ባለ አንድ መቶ ሰማንያ ገጽ መጽሐፍ አቀረቡ። ወይዘሮ ታቢታ ያቀረቡት ከመምህራኑ ጋር በሲዳምኛና በአማርኛ ያዘጋጁትን ሃያ አራት ነጠላ ወረቀት ነበር። ስለ ጅረት፣ ስለ ታጠበ አፈር፣ ወደ ሐይቁ ስለሚገባ ቆሻሻ እያንዳንዱ ወረቀት አንድ ትምህርት ይዟል። አቶ ምንያህል «ይሄ እኮ መመሪያ አይደለም፤ ወረቀት ነው» አሉ። ብዙአየሁ የሚባሉ አንጋፋ መምህርት እጃቸውን አውጥተው «ልክ ነዎት፣ ወረቀት ነው። እኛ ግን ትናንት አስተማርንበት» ብለው መለሱ። አዳራሹ ሳቀ፤ ወረቀቶቹም ተመረጡ። ወይዘሮ ታቢታ አልሳቁም። ጸሐፊያችን ግን ሳቁን ሁሉ በልባቸው በወይዘሮ ታቢታ ላይ መዘገቡት።

በ2009 ዓ.ም. አንድ የክልል መሥሪያ ቤት የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ክፍል ሊያቋቁም አስቦ ወይዘሮ ታቢታን ለሁለት ዓመት በውሰት እንድንሰጠው ጠየቀ። ጥያቄው በስማቸው ነበር የመጣው። አቶ ምንያህል ለእርሳቸው ሳይነግሩ «በሥራ መደራረብ ምክንያት ሊለቀቁ አይችሉም» የሚል መልስ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው ላኩ። ከቦርዱ አባላት ሁለታችን እናውቅ ነበር፤ ዝም አልን። እንዲህ ያለ ጥሪ ለማናችንም መጥቶ አያውቅም።

ወሬውን ለወይዘሮ ታቢታ ያደረሱት አብዱራህማን የሚባሉ የወረዳ ባለሙያ ናቸው። ወይዘሮ ታቢታ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጸሐፊው ቢሮ ገቡ።

«አቶ ምንያህል፣ በስሜ ደብዳቤ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር።»

«መልስም ሰጥተዋል?»

«ሰጥቻለሁ።»

 ወይዘሮ ታቢታም «በክልል ደረጃ ሰው ቢኖረን ኖሮ ወረዳዎቹ ይህን ያህል አይደክሙም ነበር። እኔን ጎዱኝ ብዬ አይደለም» አሉና ለማክሰኞ ጉዞ መኪና እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ። አቶ ምንያህል መኪናውንም ከለከሉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ወይዘሮ ታቢታ የማስተማሪያ ወረቀቶቻቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልለው ከመናኸሪያ በሚኒባስ ይሄዱ ነበር። እኛ በመስኮት እናያቸዋለን። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም፤ ይህም አናደደን።

በ2013 ዓ.ም. ሥራችንን ይደግፍ የነበረው ፕሮጀክት ሲያበቃ የማኅበሩ ሥልጠና ቆመ። የእርሳቸው አሠልጣኞች ያሉባቸው ዘጠኝ ወረዳዎች ግን ትምህርቱን በራሳቸው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ አስገብተው ቀጠሉ። ከእኛ የጠየቁት ነገር አልነበረም።

በ2016 ዓ.ም. ወይዘሮ ታቢታ ታመው ቤት ዋሉ። ያኔ ያሰብነውን አንደብቅም። «አሁን ይታያል፤ እርሳቸው ከሌሉ ሁሉም ይበተናል» ብለን ጠበቅን። ስምንት ወር ጠበቅን። የተበተነ ነገር የለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዘጠኙም ወረዳዎች የዓመቱን ሥልጠና በራሳቸው ሰዎች ጨረሱ።

አቶ ምንያህል ይህን እንደሰሙ ታቦር ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው የወይዘሮ ታቢታ ቤት ሊጠይቋቸው ሄዱ። የሄዱት ለመጠየቅ ብቻ እንዳልነበር ዛሬ ይናገራሉ። ብርቱካኑን አስቀምጠው ገና ሳይረጋጉ «ወረዳዎቹ እኮ ያለ እርስዎ ጨረሱት» አሉ። ፊታቸውን ለማየት ነበር።

«ማንም አልደወለም?» አሉ ወይዘሮ ታቢታ።

«ማንም አልደወለም፤ ለእኛም፣ ለእርስዎም።»

ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ጌታ ይመስገን!» አሉ። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ወረዳ ጠየቁ፤ ማን አስተማረ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ሴቶቹ ተናገሩ ወይ። አቶ ምንያህል አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን፣ በሰው ዘንድ መፈለግን፣ እኚህ ሴት ሆን ብለው እያራገፉ እንደኖሩ የገባቸው ያን ቀን ነው። ቅናታቸው ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰ።

ግንቦት 13 ቀን በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ባለቤታቸው አቶ በርናባስ ጸሐፊያችንን ለይተው ጠሯቸው። «ምንያህል እርስዎ ነዎት? በየማታው ታነሳዎት ነበር» አሏቸው። አቶ ምንያህል ስለ ደብዳቤው መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ። «መጽሐፍዎን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። ‹እኔ ሃያ አራት ወረቀት የጻፍኩት እንደ እሱ መጻፍ ስለማልችል ነው› ትል ነበር። ‹እቀናበታለሁ› ትል ነበር። ‹ስሞት የሚጻፈውን እሱ ይጻፈው› ብላለች።»

 ይህ ጽሑፍ የአቶ ምንያህል መልስ ነው። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ እንደገና ጻፉ። ከቦርዱ አባላት አንዳችን «እስቲ ትንሽ አሳምሩት» ቢላቸው «ሦስት ዓመት አሳምሬ የጻፍኩትን እርሷ ብቻ አነበበችው» አሉን።

ቦርዱ በ2009 ዓ.ም. የተጻፈው የእምቢታ መልስ ስሕተት እንደነበር ያምናል፤ ይቅርታም ይጠይቃል። ለተከለከለው የመሥሪያ ቤት ጥያቄ ከስምንት ዓመት በኋላ አዲስ ደብዳቤ ጽፈናል። በውስጡ ከወረዳ አሠልጣኞቹ የአምስቱን ስም አስፍረናል፤ የእኛን ስም አላስገባንም። አቶ ምንያህል ፈርመውበታል።

ለባለቤታቸው ለአቶ በርናባስ፣ ለልጆቻቸው ለኤልናታንና ለሄራን፣ ለቤተ ክርስቲያን ወገኖቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን እንዲሰጥ እንለምናለን።

ለዘጠኙ ወረዳዎች አሠልጣኞች። በቀብሩ ዕለት የእኛ የአበባ ጉንጉን ከፊት፣ የእናንተ ከኋላ እንዲቀመጥ ያደረግነው እኛ ነን። ደንቡ እንደዚያ ነው ብለን ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም። በልማዱ የሥራ ባልደረባ ሲሞት ማኅበሩ ሐዘንተኛ ሆኖ «ያጽናችሁ» ይባላል። ዛሬ ግን ቦታው የእናንተ ነው፤ እኛ ልናጽናናችሁ መጥተናል። ይህን መጻፍ ከብዶናል። ያጽናችሁ። ታቢታ የእናንተ ነበሩ።

የሐይቅ ዙሪያ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርት ማኅበር
ሐዋሳ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.