ባዶ ያልተመለሰው ሰሃን

ፈርን ሆሎው፣ ዌስት ቨርጂኒያ
ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1998

ልጄ ኮሪን፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሻል? መርከባችሁ ከማዕበል ርቃ ይሆን? ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ አይደለሁም። ቀስ ብዬ ስለምጽፍ ታገሺኝ።

ወንድምሽን ጄሲን ከቀበርነው ሰባት ሳምንት ሆነ። እሱን የገደለው የጋዝ ቧንቧ የፈነዳበትን ጉዳይ የያዘው ኮሚሽን ሐሙስ ይሰማናል፤ በአንድ ወገን እኔ፣ በሌላው ይሠራበት የነበረው ኩባንያ። ከሚፈርዱት ሦስቱ አንዷ ሎርና ናት፤ ድሮ መዘምራን ውስጥ አጠገቤ ትቆም የነበረችው። ለቀብሩ ዶሮ በፓስታ በሰሃን ልካልኝ ነበር።

እዚህ ባዶ ሰሃን እንደማይመለስ ታውቂያለሽ። የኮክ ማርማላታ አስቀመጥኩበትና የምስጋና ወረቀት ጻፍኩ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን ባልሽ ትራቪስ ጓዳ ገብቶ የነገረኝን ጨመርኩበት። የእሱና የጄሲ አለቃ ሠራተኞቹ ቧንቧውን ሳያዩ "ታይቷል" ብለው እንዲፈርሙ አዝዟል። ጄሲ አልፈርምም ብሎ ራሱ ሊያየው ወረደ። እሱ ገና ታች እያለ ሌላ ሰው ፈረመና ጋዙ ተለቀቀ። ማን እንደፈረመ ትራቪስን ብጠይቀው አላውቅም አለኝ። "እማማ፣ ይህ ነገር ከዚህ ጓዳ እንዳይወጣ" ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የነገረኝ ትራቪስ ነው ብዬ ስሙን ጻፍኩ። ያለ ስም ማን ያምነኛል ብዬ።

ትናንት የኮሚሽኑ ጠበቃ ደወለች። ጉዳዩ እስኪፈረድ ድረስ ፈራጆቹ ከአንዱ ወገን በግል ምንም መስማት አይፈቀድላቸውም አለችኝ። ሎርና ወረቀቱን ያነበበች ዕለት ለኮሚሽኑ አስረክባዋለች።

"እኔኮ ሰሃን ነው የመለስኩት" አልኳት።

"ይገባኛል፣ ወይዘሮ ኦፓል። ግን ለአንድ ፈራጅ በጆሮ የተነገረውን ሁሉም ማየት አለበት።"

የትራቪስን ስም ብቻ ሰርዙልኝ ብዬ ለመንኳት። አይሆንም አለችኝ። ነገ ወረቀቱ ማንም ሊያየው በሚችል መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ቅጂው ለኩባንያው ይደርሰዋል። ማርማላታው ሳይከፈት ተመልሶልኛል። ሕጉ እኔንም እንደሚጠብቀኝ ነገረችኝ፤ የኩባንያው ሰዎችም ሎርናን ምሳ ጋብዘው ሊያንሾካሹኩላት አይችሉም። እውነቷን ነው። ትራቪስን ግን ማን ይጠብቀዋል?

አምና በኩባንያው ላይ የመሰከረው ሰው ከሥራ በተባረረ በሳምንቱ የመኪናውን አራቱንም ጎማዎች ተቀድደው አገኛቸው። ከትናንት ጀምሮ በደጄ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ መጋረጃው እሮጣለሁ። አንድ ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ኮሪን።

ትራቪስ አሁን ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ እራቱን እየበላ ነው። "እማማ፣ በዚህ አጻጻፍዎ እኮ ኮሪን ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው የሚደርሳት" እያለ ያሾፍብኛል። በአፌ ልነግረው ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ "ድንች ልጨምርልህ?" ብዬ ተውኩት። ስለዚህ ደብዳቤውን ሳላሽገው እሰጠዋለሁ። ከስሜ በታች የእጁ ጽሑፍ ካለ አንብቦታል ማለት ነው። ከሌለ እናትሽ ፈርታ ቀርታለች።

ማዕበሉን የሚያዝዝ አምላክ አንቺን በባሕር፣ እሱን በየብስ ይሰውርልኝ።

እናትሽ
ኦፓል

ኮሪን፣ አንብቤዋለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም ነበር፤ አሁን ከትከሻዬ በላይ ቆማ እያነበበችው ነው። ሐሙስ ከእሷ ጎን እቀመጣለሁ፤ ካስቀመጠችኝ።
ትራቪስ