ራሱ አልገጥም ያለው ታንክ

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ትከሻህ ተሻለህ ወይስ አሁንም በአንድ ጎንህ ነው የምትተኛው? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። አባዬም ይበላል፣ ይተኛል፣ ዜና እየሰማ ይሳደባል።

ለአባዬ ታንክ ገዛሽለት ወይ ብለህ ነበር። ገዛሁለት። ባልገዛሁለት ይሻል ነበር።

ድሮ እየገጣጠመ ቁም ሣጥኑ ላይ የሚደረድራቸውን የፕላስቲክ ታንኮች ታስታውስ የለ? ሰንሰለታቸው አንድ በአንድ ይቀጠል ነበር፤ እንዳንነካቸው ስንት ቁጣ ሰምተናል። አሁን ሰንሰለት ብለው የሚሰጡህ እንደ ጫማ ማሰሪያ የሚተጣጠፍ ጎማ ነው። አፈሙዙ ከመጉበጡ የተነሳ ቢተኩስ የሚመታው የራሱን ሹፌር ነው። የሚለጠፉት ቁጥሮች ውኃ ሲነካቸው ይበጣጠሳሉ። ሳጥኑ ግን እንዴት ያለ ሳጥን መሰለህ! እሳት፣ ጭስ፣ አቧራ፣ የቀረ ነገር የለም። ዋጋው ከአምናው እጥፍ ሆኗል፤ የጨመሩት ለሥዕሉ መሆን አለበት። ውስጡማ ያው በድሮው ማፍሰሻ ቅርጽ የወጣ ነው። ቅርጹ አርጅቶ ጠርዙ ስለተበላ እያንዳንዱ ክፍል ዙሪያውን ትርፍ ፕላስቲክ አንጠልጥሎ ይወጣል። እሱን እየሞረድክ የምትውለው አንተ፣ ገንዘቡን ይዘው የሚተኙት እነሱ። ዓይናቸውን በጨው አጥበው "አዲስ ምርት" ብለው ጽፈውበታል።

አባዬ ቀኝ እጁን ካመመው ወዲህ፣ የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጣቶቹ የሚወዱትን ሥራ ይሥሩ ብላ አዝዛለች። ጠረጴዛውን መስኮቱ ሥር አደረግኩለት። እሱም ትርፉን ቀስ እያለ ሞረደ፣ ጎማዎቹን ተከለ፣ ደስ ብሎት ሰነበተ። ከዚያ ራሱ ላይ ደረሰ፤ መድፉን ተሸክሞ የሚዞረውን ክፍል ማለቴ ነው። ከሥሩ ሁለት ጥርስ አለው። ገላው ላይ ካለው ቀዳዳ ታስገባውና ትንሽ ስታዞረው ይቆለፋል።

አልገባ አለ። በቀኙ ሞከረ፣ በግራው ደገፈ፣ በደረቱ ጠረጴዛው ላይ ተጭኖ ሞከረ። በመጨረሻ አስቀመጠውና መዳፉን ገልብጦ አየው። "እጄ ነው" አለኝ። ኧረ አባዬ ፋብሪካው ነው ብለው አልሰማኝም። ሁሉንም ጋዜጣ አለበሰውና ከዚያ ወዲያ ወደ ጠረጴዛው ዝር አላለም። ስለ ዜናው እንኳ መሳደብ አቆመ።

ቅዳሜ ገላውንና ራሱን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ፣ ታቅፌው ሱቁ ሄድኩ። ባለሱቁን ታውቀዋለህ፤ ያ ገንዘብ ሲቀበል ብቻ ጥርሱን የሚያሳየው። ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ይሄ ዕቃ ነው ወይስ ጥራጊ፣ ሰው ላይ ስትቀልዱ አታፍሩም ወይ አልኩት። እሱም ምን ላድርግ እህቴ፣ ፋብሪካው ነው አለኝ። ፋብሪካውን ብትጠይቀው ፕላስቲክ ተወደደ ይልሃል። ፕላስቲኩን ብትጠይቀው ምን እንደሚልህ እንጃ።

ይህን እያልኩት ስልኩ ጠራ። ጆሮውና ትከሻው መሃል አጣብቆት ከሌላ ደንበኛ ጋር እያወራ፣ ሁለቱን ክፍሎች ከእጄ ወሰደና ገጠማቸው። ቀጭ አለ። ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። ይኸው ብሎ በዓይኑ አሳየኝ።

ፍታልኝ አልኩት። ያመመኝ ሳይመስለው አልቀረም። ፈቶ ሰጠኝ።

መንገዱን ሙሉ ባለሱቁን ስሰድበው ሄድኩ። ቤት ስገባ አባዬ ቀና ብሎ ምን አለ አለኝ። እሱም አቃተው አልኩት። ደጋግሞ ሞክሮ ላብ በላብ ሆነ፣ ቀዳዳው ጠቦ ነው የተሠራው ብሎ አመነ፣ አልኩት። እኔ መነጽር ቤት ትናንሽ ብሎን ሳጠብቅ የምውል ሴትዮ ነኝ፤ "አንቺስ መጀመሪያ ሞክረሽዋል ወይ?" ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

አባዬ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በኋላ "ሌቦች" አለና ጠረጴዛው ላይ ያለበሰውን ጋዜጣ ገለጠው።

አሁን በየቀኑ ይቀመጣል። በየቀኑም የፋብሪካውን ባለቤት፣ አስመጪውን፣ ሳጥኑን የሳለውን ሰውዬ ሳይቀር ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል። ቀለም እየቀባ ነው፤ ቀለሙም ቀጥኗል፣ ተወዷል። የታንኩን ራስ ግን ለብቻው ቀብቶ አጠገቡ አስቀምጦታል፤ ድጋሚ አልሞከረውም።

ቅድም ምን እየጻፍሽ ነው አለኝ። ላንተ መሆኑን ነገርኩት። ቀኝ እጁን በግራው እያሸ፣ "ጥራቱ ወርዷል፣ ዋጋው ንሯል ብለሽ ጻፊለት። ሌላውን ተዪው፤ እሱ ልጅ በትንሽ በትልቁ እንቅልፍ ያጣል" አለኝ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ጥራቱ ወርዷል፣ ዋጋው ንሯል። ስትደውልለት ስለ ፋብሪካው አንሳበት፤ አብረኸው ስደብ። ፈቃድ የምታገኝ ከሆነ ደግሞ ዓመት እስኪያልቅ አትጠብቅ፤ ዘንድሮ ቀደም ብለህ ና።

ከቤትህ ሰላም አይራቅ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። አባዬም እደጉ ብሏቸዋል።

ታላቅ እህትህ