ወደ ኋላ የዞረው ድር

ሃርሎው፣ ዊስኮንሲን
ኦክቶበር 24፣ ዓርብ ጠዋት

ውድ እህቴ ዋንዳ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? የአሪዞና ፀሐይ ከእኛ ብርድ ሳይሻልሽ አይቀርም። እኔ ደህና ነኝ። ባሌን ኤልመርን ቀብሬ ብቻዬን ከቀረሁ ወዲህ ከጻፍኩልሽ ደብዳቤ አንዱንም አልመለስሽልኝም። ይሄኛውን ግን እንድትመልሽልኝ አጥብቄ እለምንሻለሁ። በመጀመሪያ ከእነማን ጋር እንደምውል ስሚልኝ።

ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድሮ ለሃሎዊን በዓል ሹራብና ኪሮሽ የሚሠሩ ሴቶችን ሰብስቧል፤ አስተናጋጇ እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ምድር ቤቱ ውስጥ ተቀምጠን ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር እንሠራለን፤ አንድ ሳምንት ዱባ፣ አንድ ሳምንት ጣረ ሞት፣ አንድ ሳምንት የሌሊት ወፍ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ "ከዚህ ቤት የማይጠፉት እርስዎ ብቻ ነዎት" ብላ ለመነችኝ። እኔ ደግሞ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

የመድኃኒት ቤቱን ሰውዬ ሚስት፣ ግሌንዳ ሹልዝን ታስታውሻታለሽ። ጆሮዋ ላይ የራስ ቅል ጉትቻ አንጠልጥላ፣ ውሻዋን ብርቱካናማ ሹራብ አልብሳ ትመጣለች። ውሻው እንደገባ ጠረጴዛ ሥር ይደበቃል፤ ከመካከላቸው ማፈር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ክሯ እንደ ፕላስቲክ ያብረቀርቃል። እጇ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስልኳን ደግና ትቀርጻለች። የሠራችው ዱባ የበሰበሰ ሽንኩርት ይመስላል። እሷ ግን "በእጅ የተሠራ ነገር ነፍስ አለው" ትለናለች። ነፍስ ካለውማ እየተሠቃየ ነው።

ቢቨርሊ ደግሞ ሹራብ ብቻ ነው የምትሠራው፤ ለእኛ ለኪሮሽ ሠሪዎቹ ታዝንልናለች። "አንድ መርፌ ብቻ? ምስኪኖች! ሁለተኛውን ማን ሰረቃችሁ?" ትላለች በየሳምንቱ፤ በየሳምንቱም ብቻዋን ትስቃለች። የእሷ ጣረ ሞት እስከ ዛሬ አንገት አልወጣለትም።

እኔ የፖም ጭማቂ እየቀዳሁ ዝም እላለሁ። እነሱ ደግነት ይመስላቸዋል።

ለማሳረጊያው በልጆቹ ክፍል በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ የሸረሪት ድር በኪሮሽ እንድንሠራ ተስማማን። አንዷ አንድ ዙር ትጨርስና አጠገቧ ላለችው ታቀብላለች። ባለፈው ሳምንት ድሩ ጆዲ ዘንድ ደረሰ። ጆዲ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት፤ ገና አዲስ ገብታ ነበር። ሠርታ ስታሳየኝ ዙሩ ከሌሎቹ በተቃራኒ ሄዷል።

"ወደ ኋላ ነው የዞርሽው" አልኳትና ክሩን ስቤ ዙሩን በሙሉ ተረተርኩት።

እንደገና ሠራች። እንደገና ወደ ኋላ።

"የኔ ቆንጆ፣ አውቶቡሱንም የምትነጂው እንዲህ ነው?" አለች ግሌንዳ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ደግሜም ተረተርኩት። ጆዲ ኪሮሹን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

"ወይዘሮ ኦፓል፣ እኔ ግራኝ ነኝ። ሌላ አሠራር አላውቅም" አለችኝና ጃኬቷን ይዛ ወጣች።

"ታዲያ እጇን አትቀይርም? ድሮ እኮ ልጅ ግራኝ ሲሆን እጁን አስረው ያቀኑት ነበር። በዚህ የሞተ የለም!" አለች ግሌንዳ።

ዋንዳ፣ እኔ ጭማቂ ቀዳሁላት። እነዚህን ሴቶች እንዴት እንደምንቃቸው ይህን ሁሉ ጻፍኩልሽ፤ የዚያን ቀን ግን ከሁሉ አብልጬ የናቅኋት ጭማቂ ቀጂዋን ነው።

ሰኞ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ድረስ ሄድኩ። ጆዲ ወንበሮቹ መሀል እየጠረገች ነበር።

"ደግሞ እዚህ ድረስ ሊተረትሩኝ መጡ?" አለችኝ።

"እንድትመለሽ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።"

"ለምን? የግሌንዳን ቪዲዮ ላጣፍጥላት?"

"እኔ ራሴ አሳይሻለሁ።"

"እጄን ሳያስቀይሩኝ?"

"ሳላስቀይርሽ" አልኳት። እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም ነበር።

እንደ ልማዴ መጽሐፍ ፈለግሁ። ግራኝ የሆነ ሰው ስታስተምሩ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ እጃችሁን በመስታወት እንደሚያይ ሆኖ ይከተላችኋል ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ወንበር ማዞር ብቻ ነው። እኔና አንቺ ያደግንበት ቤት ወንበር ሞልቶት ነበር።

ትናንት ጆዲ መጣች። ጉልበቷ ጉልበቴን እስኪነካ ተጠግቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ድሩንም ገልብጬ ሰጠኋት። ሲገለበጥ የእሷም ዙር እንደ ሌሎቹ ዞረ።

"ኦፓል፣ ተፋጥጣችሁ ልትጸልዩ ነው እንዴ?" አለች ግሌንዳ ስልኳን አንስታ።

"ግሌንዳ፣ ስልክሽን አስቀምጪና ሽንኩርትሽን ጨርሺ" አልኳት።

ከአፌ መውጣቱን ራሴም አላመንኩም። ቢቨርሊ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከሰው ጋር። ድሩ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽና፣ አሁንም አስቀያሚ ነው። ራሱን የሚያከብር ሸረሪት አይኖርበትም።

ሌሊቱን ስለ አንቺ ሳስብ አደርኩ። እናታችን ግራ እጅሽን በሽርጧ ማሰሪያ ከወንበሩ ጋር ስታስረው ራት እበላ ነበር። ፎቅ ላይ፣ በራችን ተዘግቶ፣ በግራ እጅሽ በጻፍሽ ወይም በሰፋሽ ቀን ሁሉ ሳትነግሪያት ታውቅብሽ ነበር። ምስኪኗ እናታችን እግሯን ታማ ከወጥ ቤት አትወጣም ነበር፤ ያን ደረጃ ለዓመታት አልረገጠችውም። ክፍሉ ውስጥ ከአንቺ ጋር የነበርኩት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። አንቺም ይህን አስበሽበት ታውቂ ይሆናል። እኔ ለሰው ሁሉ "እህቴ ሰነፍ ናት፣ መርፌ አትይዝም" ስል ኖሬአለሁ።

ለምስጋና ቀን ብትመጪ መኝታሽን አነጥፍልሻለሁ። መምጣቱ ከከበደሽ አልፈርድብሽም። እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ፣ እርጅናሽንም ያቅልልሽ።

አንድ መስመር ይበቃኛል። በግራ እጅሽ ጻፊልኝ፤ ፊደሉ ቢንጋደድም አነበዋለሁ፤ ለማንም አላሳይም።

እህትሽ
ኦፓል