ለተመራቂውና ለአንድ ዘመድ

ቢቸና፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? ፍልሰታን በሰላም ጾመሽ ፈታሽ ወይ? ደም ግፊትሽስ ተሻለሽ? ሞጣ ዘንድሮ ዝናቡ በረታ ሲሉ በሰማሁ ቁጥር የማስበው አንቺን ነው። እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ቢቸና ከገባሁ ስድስተኛ ቀኔ ነው። ከሰውነቴ በቀር ግን ደህና ነው የምልሽ ነገር የለኝም።

ይህን የምታነብልሽ ነርሷ አምሳለች ናት። ግፊትሽን ልትለኪ ጤና ጣቢያ ስትሄጂ በር ዘግታ ታነብልሻለች። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱ እዚያው ይቀደድ፤ ወደ ቤትሽ እንዳይገባ አደራ።

ጋሽ ፈረደ ተመልሰው የነገሩሽን አውቃለሁ። «ያሳደግኩት ወንድምሽ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ፣ በሰው ፊት ካደኝ» ብለውሻል። እውነታቸውን ነው። አንድ ቃል አልጨመሩብኝም። ለምን እንደካድኳቸው ግን እሳቸውም አያውቁትም።

ነገሩ የመጣው በቅናሹ ነው። አምስት ክረምት ለትምህርት አለማያ ስመላለስ ኖሬ፣ ዘንድሮ የቀረኝ ጥናቴን አቅርቦ መመረቅ ብቻ ነበር። ግንቦት ላይ ከሬጅስትራር ማኅተም ያለበት ወረቀት ደረሰኝ። በሥራ ላይ እያሉ ተምረው ለምርቃት ለደረሱ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የባቡሩ ዋጋ በግማሽ እንዲሆን፣ ለተመራቂውና አብሮት ለሚሄድ አንድ ዘመድ ይላል። የዘመዱ ስም የሚገባበት መስመር ባዶ ነው፤ ትኬት ሲቆረጥ ይሞላል። በአርባ ሦስት ዓመቴ ተማሪ መባሉ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን እዚህ ቢቸና አብረውኝ ለሚያስተምሩት ሁሉ አሳየሁ። ወሬው ሞጣ ደረሰ። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ጋሽ ፈረደ ስንቃቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። ስትመረቅ ሳላይ አልቀርም አሉኝ።

እንዴት እንቢ ልበላቸው? አባታችን ሲሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንቺን ሲያገቡ እኔንም አብረው የተቀበሉ፣ ትክትክ ይዞኝ ትንፋሽ ሲያጥረኝ አዝለውኝ ከገጠር ሞጣ ሆስፒታል ድረስ በእግራቸው የሄዱ ሰው ናቸው። እሺ አልኩ። ደስም ብሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ዓባይን መውረድ ሲጀምር የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰብለ ወንጌልን የምትመስል ልጅ ድሬዳዋ አይቻለሁ ብሏቸዋል። ልጅሽ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ለገብረ ሚካኤል ልጅ ልትዳር ጥቂት ቀን ሲቀራት ከጠፋች ወዲህ ስሟን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ጠሯት። ለሽማግሌ የሰጡት ቃል እንደታጠፈ፣ ገበያ መሀል ሰው እንደሳቀባቸው አንድ በአንድ አወሩልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ገደሉን በመስኮት እያዩ፣

«ካገኘኋት ብቻዬን ነው የምመለሰው» አሉኝ።

ሊገድሏት እንደሚሄዱ ገባኝ።

እታለም፣ ሦስት ዓመት ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። ልጅቱን የወሰድኳት እኔ ነኝ። በዚያ ዓመት ግንቦት፣ አንድ ቀን ማለዳ በሬን ስከፍት ደጄ ተቀምጣ አገኘኋት። ታምሜያለሁ ብዬ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅኩና ይዣት ድሬዳዋ ገባሁ። አብራኝ የምትማር አመተ ሥላሴ የምትባል መምህርት አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት። እሷ ተቀብላ ትምህርት ቤት አስገባቻት። እኔ እየመጣሁ ከአንቺ ጋር አዝን ነበር፤ አብሬሽም አልቅሻለሁ። እውነቱን ብነግርሽ ለባልሽ ታደያለሽ ብዬ ፈራሁሽ።

እንግዲህ አስቢው። ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ ልጅቱ ጣቢያው ላይ ቆማ ልትጠብቀኝ ተቃጥረናል። አዲስ አበባ እንደገባን ለአመተ ሥላሴ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወልኩ። ጋሽ ፈረደ ከጎኔ አልለይ ስላሉ ሁለቱንም ጊዜ ሳልናገር ዘጋሁት። ቅናሹ አልተፈቀደም ልበላቸው? ወረቀቱን አይተውታል። ታመምኩ ብዬ ልቅር? ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አድሬ ሲነጋ ለገሃር ሄድን፤ እስክንሰለፍ ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

ትኬት ቆራጯ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ወረቀቱን አንብባ ተማሪው የታለ አለችኝ። እኔ ነኝ ስላት ሽበቴንና ማኅተሙን እያፈራረቀች አየች፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። መታወቂያዬን ተቀብላ ስሜን ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ባዶው መስመር ላይ አድርጋ፣ ዘመድዎ እኚህ ናቸው ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ጋሽ ፈረደ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ስማቸውን ከነአባታቸው ሊያስጽፉ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ሰማሁ።

«አላውቃቸውም» አልኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«እኚህን ሰው አላውቃቸውም። በቅናሹ ለመሄድ ነው የተጠጉኝ።»

መስመሩን ሰረዘችውና ዘበኛ ጠራች። ዘበኛው ክንዳቸውን ሲይዝ አልታገሉትም። ዞር ብለው፣

«እኔን?» አሉኝ።

ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብዬም አላመንኩም። በሌላው መስኮት ሙሉውን ከፍለው ሊሳፈሩ ይችሉ ነበር። በር በተከፈተ ቁጥር ዞሬ አያለሁ። በኋላ በመስኮት ሳይ የጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል፤ ስንቃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ወደ ባቡሩ አያዩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደገና ለመሰለፍ አቅም ያጡ መሰለኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እዚያው ነበሩ። እንዲያም ሆኖ አላመንኩም፤ አዋሽ ስንደርስ ተነሥቼ ከፉርጎ ፉርጎ እየተሻገርኩ የእያንዳንዱን ሽማግሌ ፊት አየሁ።

ልጅቱ እንደተባባልነው ጣቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቁመቷ አንቺን አክሏል። ያን ዕለት ምንም አልነገርኳት። ስመረቅ ሌላው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ እሷ እንዳትታይ ስለፈራሁ ብቻዬን ተነሣሁ። ከፎቶ አንሺው ኋላ ቆማ ትስቅልኝ ነበር።

በማግስቱ ነገርኳት። አባዬ ከስተዋል ወይ ነው ያለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣችኝ፤ ያን ያህል መንገድ መጥተው ደረጃ ላይ ትተሃቸው ሄድክ ወይ ብላ ግማሽ ቀን አላናገረችኝም። በዚያው ሳምንት ከድሬዳዋ አስወጣናት። አሁን ያለችበትን እዚህ አልጽፍም፤ ለአምሳለች በስልክ ነግሬያታለሁ፣ በጆሮሽ ትነግርሻለች። የነርስነት ትምህርት ጀምራለች። ማንም አላገባትም፣ ማንም አልነካትም።

ለመስቀል ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሞጣ እመጣለሁ። የካድኩበትን ምክንያት አልናገርም፤ ስለ መካዴ ግን እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ቢመቱኝም እቀበላለሁ። አንቺ መሀል አትግቢ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ልጅቱ ስትሰናበተኝ፣ ሞጣ ላይ ሰው እንዳያያት እስከ ጉንደ ወይን በእግር ማን እንደሸኛት፣ አውቶቡስ ላይ ሲያሳፍራትም የማንን ቤት ጠይቂ እንዳላት ነገረችኝ። ያን ጊዜ ላጽናናሽ ስመጣ እግርሽ አብጦ ጫማ አልገባ ብሎሽ ነበር። ለግንቦት ማርያም ስለት በእግሬ ሄጄ ነው አልሽኝ፤ አመንኩሽ። ከዚያ ወዲህ ስመጣ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ «ልጄን አላየሃትም ወይ» ብለሽኝ አታውቂም። እኔ ጨክናባት ነው እል ነበር፤ ለካ ወደ እኔ የላክሻት አንቺ ነሽ።

ማርያም እድሜሽን ታርዝመው፤ ዓይንሽ ልጅሽን ሳያይ አይቅር። እሱን እግርሽን እስመዋለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ