አዎ ወደየት ነው

ሰኞ

ባሕር ዳር ውስጥ ላፕቶፕን በጣት ማናገር የፈለሰፍሁ እኔ ነኝ። እሺ፣ ፕሮግራሙን የሠራችው ሄለን ናት፣ የማታ ትምህርት መምህራችን ልጅ። እኔ ፊደል ከለየሁ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው። ሐሳቡ ግን የእኔ ነው። ወንድሜ ሰይድ ስትሮክ ከጣለው ወዲህ አይናገርም፤ ሆስፒታል ተኝቷል። የሚታዘዙለት የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ብቻ ናቸው። ሄለን ከቁልፎቹ በታች ያለችውን መዳሰሻ ለእነሱ አበጀቻት። ጣቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያንሸራትት ላፕቶፑ «አዎ» ይላል፣ ወደ ሌላው «አይ»።

«ጋሽ ኑሩ፣ አዎ ወደየት ይሁን?» አለችኝ።

ወደ ፊት አልኋት፣ «አይ» ወደ ራሱ። ወደ ኋላ እየሄደ እሺ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ላፕቶፑ እምቢ አለ። ዓሣ አጥማጆች ነን፤ የመረብ ገመድ የሰይድን ጣቶች ቅርፊት አድርጓቸዋል፤ መዳሰሻዋ ጣት መሆናቸውን አላወቀችም። ሚስቱ ዘይነባ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፋ አለሰለሰቻቸው። ሄለንም መዳሰሻዋን ለደካማ ጣት አስተካከለቻት። ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑ «አይ» አለ። አጨበጨብሁ። ነርሷ ተቆጣችኝ።

ረቡዕ

ሐኪሙ ከእንግዲህ የሚጨመር ሕክምና የለም አለን። እዚሁ ይቆይ ወይስ ሐይቁ ዳር ቤቱ ይግባ፣ ራሱ ይምረጥ ተባለ።

ቤት እንውሰድህ? «አይ።»

ከንፈርህን ላርጥብልህ? «አይ።»

ያምሃል? «አይ።» ነርሷ ማስታገሻውን ሳትሰጠው ይዛ ተመለሰች።

ሰይድ ከልጅነቱም እልኸኛ ነው ብዬ ቀለድሁ። የሳቀ የለም። ዘይነባ ወጥታ አለቀሰች።

ሐሙስ

ጧትም ቤት? አልነው። «አይ።» እንባው ይወርዳል።

ያኔ ጣቶቹን አየሁ። ወደ ራሱ ይስባቸዋል፣ አጭር አጭር፣ ሁለቴ። እኔና እሱ ጣና ላይ በሁለት ታንኳ ሆነን የመረቡን ጫፍና ጫፍ ስንይዝ አናወራም፤ ዓሣው ይሸሻል። የምንነጋገረው በገመዱ ነው። ሁለቴ ከሳበ፣ እሺ፣ እናውጣው ማለቱ ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ሠራን።

ሄለን «አዎ»ንና «አይ»ን አቀያየረቻቸው። ያምሃል? «አዎ።» ነርሷ መርፌ ወጋችው። አንድ ቀን ሙሉ ዘግይታ።

ቤት? «አዎ። አዎ።»

ዓርብ

በጎረቤት መኪና አመጣነው። ውኃው እንዲታየው በሩ ፊት ለፊት አስተኛነው። ትንፋሹ አጥሯል። ከጁምዓ የተመለሱ ጎረቤቶች ሊጠይቁት ገቡ፤ ለእነሱም እንዴት እንደ ነቃሁበት አወራሁላቸው። ዘይነባ እየሰማችኝ ከንፈሩን አረጠበችለት።

ሌላው የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው። ሐሙስ ጣቶቹን ያየሁት ግን እኔ አይደለሁም። «ኑሩ፣ ይሄ እኮ ገመድ እየሳበ ነው» ያለችኝ ዘይነባ ናት፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ እያየችን መረብ የምትጠግነው። ሃያ ዓመት ሌላውን ጫፍ የያዝሁት እኔ አላወቅሁትም።