ወንድሜን ሳይገኙ ከቀሩ ተናጋሪዎች ስም ዝርዝር ስለ ማንሣት

ወንድሜ ፈታታው፣ ለርእሰ መምህሩ ማመልከቻ ስጽፍ ከኋላዬ ቆመህ ‹‹ቀዝቀዝ በል፤ መጀመሪያ ጤናቸውን ጠይቅ›› ትለኝ ነበርና ዛሬም እንደዚያው አደርጋለሁ። ስድቡን አጥፍቼዋለሁ፤ አንድ ሁለት ቦታ ካመለጠኝ እለፈኝ።

ለተከበሩ የኮምፒውተር ወዳጆች ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎና መላው ኮሚቴዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ የተሟላ፣ መብራታችሁ የማይጠፋ፣ ኢንተርኔታችሁም የማይቋረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ስሆን፣ በጉባኤያችሁ ‹‹የተጣለ ኮምፒውተር እንዴት ይነሣል?›› በሚል ርእስ እንዲናገር መርጣችሁት የነበረው ልጅ ታናሽ ወንድም ነኝ። ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ስለሚፈታታ እናታችን ‹‹ፈታታው›› ትለው ነበር። ጉባኤው ሊደርስ ሲል መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት ሞተ። ንግግሩን ግን አዘጋጅቶ ጨርሶ ስለነበር፣ ሌላ ሰው ያቀርብለት እንደሆነ ብዬ በፍላሽ ይዤው መጣሁ። ስለ መስተንግዶው ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ) በር ላይ ብርቱካናማ ቲሸርት የለበሰው አስተናጋጃችሁ በወንድሜ ስልክ ላይ ያለውን የመግቢያ ኮድ በማሽኑ አንብቦ ‹‹እንኳን ደህና መጣህ፣ ተናጋሪያችን!›› አለኝ። ተናጋሪው እኔ እንዳልሆንኩ፣ ተናጋሪው እንደሞተ ነገርኩት። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ደነገጠ። ማሽኑን ወዲያ ወዲህ ነካካና ‹‹ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ‹ተገኝቷል› እና ‹አልተገኘም› ብቻ ነው ያለው። ‹ሞቷል› የሚል የለውም፤ እሱን ውስጥ ንገራቸው›› ብሎ ‹ተገኝቷል› የሚለውን ተጫነው። ለግማሽ ቀን እንኳ ቢሆን ወንድሜን በሕይወት ስላቆያችሁልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ) ውስጥ ልናገር የሄድኩበት ቢሮ ሰው አልነበረበትም፤ በሩ ላይ ‹‹ጥያቄ በመተግበሪያው በኩል ብቻ›› የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በተናጋሪዎች ማረፊያ ክፍል ግን ስለ ኔትወርክ ደኅንነት የምታስተምረውን ባለሙያ አገኘኋት፤ ወንድሜ ቪዲዮዋን እያቆመ፣ እየመለሰ የሚያያት ናት። ፍላሹን ተቀብላ በራሷ ላፕቶፕ ከፈተችው፤ ሳንድዊቿን እንደያዘች፣ ሳትቀመጥ እስከ መጨረሻው አየችው። ወንድሜ በየገጹ ጥግ ቀልድ ይጽፋል፤ አንዱ ላይ ‹‹ማሽኑን ከመጣልዎ በፊት አቧራውን ይጥረጉለት፤ ባለቤቱም ቢታጠብ አይጠላም›› ይላል። ሳቀች፤ ወዲያው ቀና ብላ እኔን አየችና ሳቋን ዋጠችው። ከራሷ ሰዓት ቆርሳ ልታቀርብለት ክቡርነትዎን ለማስፈቀድ ሄደች። ነገሩን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ‹‹ነፍስ ይማር፤ ግን ፕሮግራሙ አንዴ ሲስተም ላይ ከተቆለፈ አይነካም›› እንዳሏት ነገረችኝ። ስለ ነፍስ ይማሩ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ) የሰሙትን ለመድረክ መሪው ለመንገር ጊዜ እንዳጡ እረዳለሁ። ተራው ሲደርስ መድረክ መሪው የወንድሜን ስም በድምፅ ማጉያ ጠራና ‹‹ሕንፃው ውስጥ እንዳለህ ሲስተሙ እያሳየን ነው፤ አትፈር፣ ና!›› አለ። ከኋላዬ አንዱ ‹‹ሽንት ቤት ወረፋ ይዞ ይሆናል›› ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ደግሞ ጠራው። ልናገር ብድግ አልኩ። ያን ያህል ተማምኖ ሲጠራው፣ የምር የሚመጣ መስሎኝ ዞሬ በሩን አየሁ። ለዚያች ተስፋም አመሰግናለሁ።

4ኛ) በማግሥቱ በገጻችሁ ላይ ‹‹ቃላቸውን ያላከበሩና ከእንግዲህ የማይጋበዙ›› ከምትሏቸው መካከል የወንድሜን ስም አወጣችሁት። የጎረቤት ልጅ ለእናቴ አነበበላት። እናቴ ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው ሲግል እንደሚጮህ ብቻ ነው። ‹‹የኔ ልጅ ቃሉን አጥፎ አያውቅም፤ ምን በድሏችሁ ነው ሞቶም የማትተዉት በልልኝ›› ብላ ልካኛለች። እነሆ ብያለሁ።

እንግዲህ ልመናችን አንድ ነው፤ ስሙን ከዚያ አንሡልን። መታሰቢያም፣ የምስክር ወረቀትም አልጠየቅንም። ከዚህ በፊት በጽሑፍ ስጠይቅ ‹‹ተናጋሪው እንደማይገኝ አስቀድሞ በሲስተሙ በኩል ስላላሳወቀ ውሳኔው የጸና ነው›› የሚል መልስ ደርሶኛል። አስቀድሞ ባለማሳወቁ በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መኪናውም ለእሱ አስቀድሞ አላሳወቀውም ነበር።

ለሚመጣው ዓመት ጉባኤያችሁ ሰዓት አክባሪና የማይሞቱ ተናጋሪዎችን እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

አክባሪያችሁ፣
የቀረው ተናጋሪ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ አልተነገረንም ስላላችሁት ነገር ነው። ቀብሩ አልፎ፣ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ተበትኖ፣ በእኔና በእሱ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በነቃሁበት ጠዋት የወንድሜ ስልክ ጮኸ። እናንተ ነበራችሁ፤ ‹‹በሰዓቱ እንደሚገኙ ያረጋግጡልን›› ይላል። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ እዚያው በሲስተማችሁ ላይ ‹‹ወንድሜ ሞቷል፤ አይመጣም›› ብዬ ጻፍኩ። ዓይኔን ሳልነቅል መልሱ መጣ፦ ‹‹ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን! በጉጉት እንጠብቅዎታለን።›› ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ የሁለታችንንም አልጋ አነጠፍኩና ትምህርት ቤት ሄድኩ።