አንድ ካርታ ምረጪ

ጥቅምት 6
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ የለም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ የገዛሁትን በመጫወቻ ካርታ ምትሃት መሥራት የሚያስተምር መጽሐፍ ከፈትኩ። ደግነቱ ሥዕል ይበዛዋል። ባለቤቴ ካረፈች ስምንት ወር... ሱቁ ውስጥ ከስፌት መኪናው በቀር የሚያወራ የለም።

ጥቅምት 9
ዘዴው ይሄ ነው። ሰውየው ካርታ ይመርጣል፣ አይቶ መሃል ይመልሳል። የላይኛውን ግማሽ ስትደርብበት የግራ እጅህን ትንሿን ጣት ጫፍ መሃል ላይ ታስገባለህ። ከፊት ለፊት የተዘጋ ይመስላል፤ ባንተ በኩል ግን ቀጭን ስንጥቅ አለች። ከዚያ ከታች ጥቂት አንስተህ ላይ፤ ከስንጥቋ በታች የቀረውንም አንስተህ ላይ። የተመረጠው ካርታ አናት ላይ ቁጭ!
የኔው ወለሉ ላይ ተበተነ። ዐሥር ጊዜ ለቀምኩ።

ጥቅምት 15
ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። መጽሐፉ እጅህን አትይ፣ የሰውየውን ዓይን እይ ይላል። አየሁ... የራሴን። የምመርጠው እኔ፣ የምደብቀው እኔ። ከማን ነው የምደብቀው?

ጥቅምት 22
ቀሚስ ልታሳጥር የመጣችውን አስተማሪ አንድ ካርታ እንድትመርጥ ለመንኳት። ሳቀች፣ መረጠች። አወጣሁላት።
"ጋሼ፣ ትንሿ ጣትዎ ምን ነካት? እንደታመመች ተገትራ ቀረች እኮ!"
አፈርኩ። ግን ሩብ ሰዓት አወራን። በዚህ ወር ረጅሙ ወሬዬ ይሄ ነው መሰለኝ።
ጣቴ ትላላ። መጫን የለም፤ የጫፏ ሥጋ ብቻ ይበቃል።

ኅዳር 3
ልጄ ደወለች። ከቀብሩ ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ። ሥራ ወደዚህ ያመጣታል፤ ሦስት ቀን። "እኔ ጋ እረፊ" አልኳት። በአጭሩ "እሺ" አለች።
የእናቷን ሕመም ደብቀናት ነበር፤ እኔና እናቷ። "ፈተናዋን ትጨርስ፣ እንዳትነግራት" አለችኝ ባለቤቴ። ማልኩላት። ልጄ የደረሰችው ለቀብሩ ነው።

ኅዳር 11
መጣች። ከስታለች። ስለ መንገዱ አወራን፣ ስለ ዝናቡ አወራን። አለቀ።

ኅዳር 12
ከሰዓት በኋላ ሱቅ ድረስ መጣች። ምን ላውራት? ካርታውን አወጣሁ። "አንድ ካርታ ምረጪ።"
መረጠች፣ መለሰች። ዓይኗን እያየሁ ሠራሁት። ጣቴ አልተገተረች። ሰባት ቀይ ልብ፣ አናት ላይ! እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም።
አልሳቀችም።
"ጎበዝ ነህ፣ አባዬ። መደበቅ ድሮም ታውቅበታለህ። ስደውል 'ደህና ናት፣ ተኝታለች' የምትለኝ እንዲሁ ዘና ብለህ ነበር።"
እናትሽ ናት ያስማለችኝ ልል ነበር። ዋጥኩት። የዋሸው የኔ አፍ ነው።
ወንበሯን ከጎኔ አስጠጋሁት፤ ስንጥቋ በምትታይበት በኩል። ቀስ እያልኩ አሳየኋት። ጣቴን የት እንደማስገባ፣ ከየት እንደማነሳ፣ መቼ ዓይኗን እንደማይ። "እዚህ ጋ ነው ያታለልኩሽ" አልኳት። ካርታውን ማለቴ ነበር... እሷ ግን ማልቀስ ጀመረች። እኔም አልቻልኩም።

ኅዳር 14
ትናንት መሄድ ነበረባት። "ነገ" አለች። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን በሩ ጋ አቁማ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ተመልሳ ተቀመጠች።
"ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ንገረኝ።"
ሱቁን አልከፈትኩም። ነገርኳት። ሐኪሙ ያለውን፣ ሆስፒታል ደርሰን ስንመለስ መንገድ ላይ ዝም ማለታችንን፣ የመጨረሻዋን ጠዋት... እናቷ ሁለት ጊዜ በስሟ እንደጠራቻት። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር ስጨርስ።
"አሁንም ተናድጄብሃለሁ" አለች።
"ተናደጂ፣ የኔ እናት። ግን እዚህ ሆነሽ ተናደጂ።"
ተነስታ ሻንጣዋን ወደ ውስጥ መለሰችው።